ፓምፑን ከማውለቃችሁ በፊት

ባለፈው ሐምሌ አንድ ጋሼ ሱቄ መጡ። ሱቄ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሳቸው በማዳበሪያ የጠቀለሉትን ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ከሱሉልታ በሚኒባስ ይዘውት ነው የመጡት። ስንፈታው የትራክተር ሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው፣ በዘይት ጉልበት ማረሻውን የሚያስነሳው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞቷል አሉኝ። ሶማሌ ተራ ገብቼ አምሳያውን ከመግዛቴ በፊት አንተ እየው ብዬ ነው።»

ተቀብዬ ዘንጉን በጣቴ አዞርኩት። ለስላሳ ነው። ወደ ጎን ነቀነቅኩት፣ አይላወስም። ክዳኑን ፈትቼ ውስጡን በባትሪ አየሁት። የማርሾቹ ጥርስ ሙሉ ነው፣ ግድግዳው ላይ ጥፍሬን ብጎትት የሚይዘኝ ጭረት የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ አልሞተም። ዘይት አጥቶ ነው የጮኸው።»

ይህን የምጽፈው እንደ እሳቸው ላሉ ሰዎች ነው። በእርሻ ወቅት መሃል ማረሻውን የሚሸከመው የኋላው ክንድ አልነሳ ሲል የመጀመሪያው ጥርጣሬ ፓምፑ ላይ ያርፋል። ፓምፑ ይወልቃል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ሌላ ይገጠማል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ጩኸት ይመለሳል። እኔም ሥራ ስጀምር አንድ ገበሬ ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ፓምፑን ቀየርኩላቸው፣ ጥፋቱ ግን የደረቀ ኦሪንግ ነበር፣ መጋጠሚያ ላይ የምትገባ የላስቲክ ቀለበት። የዚያን ዓመት የማዳበሪያ ገንዘባቸው ነው የወጣው። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ፓምፑ ምንድን ነው የሚሠራው?

አብዛኞቹ ትንንሽ የጃፓን ትራክተሮች፣ እነ ያንማር፣ ኩቦታ፣ ኢሴኪ፣ የማርሽ ፓምፕ ነው ያላቸው። አንድ የአሉሚኒየም ቤት፣ ውስጡ ሁለት የተገጣጠሙ ጥርሳም ማርሾች። ሰው ሲያየው ዘይቱ በሁለቱ መሃል ተጨምቆ የሚያልፍ ይመስለዋል። አይደለም። ዘይቱ በጥርሶቹ ክፍተት ውስጥ ተቀምጦ፣ የቤቱን ግድግዳ እየታከከ በውጪ በኩል ይዞራል። መሃል ላይ ጥርሶቹ ሲገጥሙ የመመለሻ መንገዱ ይዘጋበታል፣ ስለዚህ መሄጃው መውጫው ብቻ ነው። በአንድ ዙር 10 ሲሲ የሚገፋ ፓምፕ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር 25 ሊትር ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ትልቅ ጀሪካን ሙሉ፣ በየደቂቃው።

አሁን የምለውን ያዙልኝ፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፓምፑ ግፊት አይሠራም። ፓምፑ ዘይት ያንቀሳቅሳል፣ ግፊቱን የሚፈጥረው ሸክሙ ነው። ግቢ ውስጥ አበባ ስታጠጡ የጎማውን አፍ በአውራ ጣታችሁ ስትይዙት ውሃው ይጠነክራል አይደል? ቧንቧው ምንም አልጨመረም፣ የተጨመረው ጣታችሁ ነው። ትራክተሩ ላይ ያ ጣት ማረሻው ነው። ማረሻው ሲከብድ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፣ ግፊቱ ይወጣል። 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ላይ 150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲያርፍ ከ6 ቶን ተኩል በላይ ይገፋል። ትንሿ ትራክተር ያን ሁሉ ጉልበት የምታወጣው ከዚህ ነው።

ይሄ ማለት ደግሞ ዘይቱ በየትኛውም ቦታ ቀላል መንገድ ካገኘ፣ በተበላ ኦሪንግ ይሁን፣ ክፍት በቀረ ቫልቭ ይሁን፣ ግፊት የለም። ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ እያለ ክንዱ አይነሳም።

ማሲ ፈርጉሰን 35 እና 135 ያላችሁ ሰዎች፣ የእናንተ ይለያል። የእናንተ ፓምፕ ባለ ፒስተን ነው፣ በትራክተሩ ሆድ ውስጥ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ ነው የሚኖረው፣ የሚዞረውም በፒቲኦ ዘንግ ነው፣ የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ለሚገጠም መሣሪያ በሚያወጣው። የፒቲኦው ማርሽ ነጻ ላይ ከሆነ ፓምፑ አይዞርም። «ሃይድሮሊኩ ሞተ» ተብሎ ተደውሎልኝ ማርሿን በማስገባት ብቻ ያለቀ ጉዳይ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን እዩ።

ፓምፕ አይስብም

እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፣ ግን እውነት ነው። ፓምፑ በመግቢያው በኩል ባዶ ቦታ ይፈጥራል፣ ያን ባዶ ቦታ ዘይት የሚሞላው የአየር ክብደት ዘይቱን ከላይ ስለሚጫነው ነው። በስትሮው ስትጠጡም የሚሆነው ይኸው ነው።

የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ 1 ባር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ያለው 0.76 ባር ገደማ ነው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋልን ኃይል በሩብ ያህል ያነሰ ነው ማለት ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእኛ ከፍ ይላል። ቆላ ላይ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ዘይት የሚያጣራው ወንፊት ትንሽ ተዘግቶበት ዝም ብሎ የሚሠራ ትራክተር እዚህ ሊያለቅስ ይችላል። የውጭ መመሪያ መጻሕፍት ላይ ይሄ ብዙም አይነገርም፣ እኛ ግን ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው።

ዘይቱ በበቂ ካልደረሰ ምን ይሆናል? ባዶው ቦታ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ወደ ግፊቱ በኩል ሲሻገሩ በኃይል ይፈርሳሉ፣ በፈረሱ ቁጥር ብረቱን ይቆነጥሩታል። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ ይመስላል። ቀስ በቀስ የፓምፑ ውስጥ በጥቃቅን ጉድጓድ ይሞላል፣ ያኔ ፓምፑ በእውነት ይሞታል። የገደለው ግን መግቢያው ነው።

ስለዚህ ከዘይቱ ጀምሩ

ትራክተሩን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ክንዱን አውርዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የዘይት መለኪያውን አውጡ። መጠኑ ካነሰ ሙሉና እንደገና ሞክሩ። ካላነሰ መልኩን እዩ። የወተት ሻይ መስሏል? እንግዲህ ወይ ውሃ ነው ወይ አየር ነው፣ መድኃኒታቸው ደግሞ አይገናኝም።

መለያው ቀላል ነው። ሞተሩ ሠርቶ እንደጠፋ ጥቂት ዘይት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ቅዱና መስኮት ላይ አስቀምጡት። አየር ከሆነ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ዘይቱም ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ውሃ ከሆነ ግን በማግስቱም ደፍርሶ ታገኙታላችሁ፣ ወይም ውሃው ታች ተኝቶ ታዩታላችሁ። ለማረጋገጥ አንድ ጠብታ የጋለ ብረት ላይ ጣሉ። ንጹህ ዘይት ዝም ብሎ ይጨሳል፣ ውሃ ያለበት ቸስ ቸስ እያለ ይፈነጥቃል። ፊታችሁን አርቁ፣ ዓይን ይጎዳል።

ውሃ ከየት መጣ? ክረምቱን ሙሉ ውጪ ያደረ ትራክተር ላይ በተሰነጠቀ የማርሽ ዘንግ ላስቲክ ይገባል፣ ክዳኑ በጠፋ የዘይት መሙያም ይገባል። ቀን በፀሐይ ሞቆ ሌሊት በብርድ ሲቀዘቅዝ ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበትም ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ የገባበትን ዘይት አፍስሱት። አጣርቶ መመለስ አይሆንም፣ ወንፊት ውሃ አይዝም። እኔ የምመክረው መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በዓመት አንዴ የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ መጀመሪያ የሚወጣውን ማየት ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው።

ስለ ዘይት ዓይነት አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት አይቻለሁና። በእነዚህ ትራክተሮች ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ዘይቱ ማርሽም ማለስለስ፣ ክንድም ማንሳት አለበት። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ የትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ዘይት አለ፣ መርካቶ ታገኙታላችሁ። ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ብትሞሉበት ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ፓምፑ ሲያለቅስ ትሰማላችሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ብርድ አልፈስ ይላል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን። የሃይድሮሊክ ላስቲኮችን አሳብጦ ይጨርሳቸዋል።

ወንፊቱና ቱቦው

ወደ ጋሼ ልመለስ። ልጃቸው ሱሉልታ ትራክተሩ ጋ ነበር። በቴሌግራም ቪዲዮ ደወልንለት። «ዘይቱን አፍስስና በጎን ያለችውን ክብ ክዳን ፍታት» አልኩት። ፈታት። ወንፊቱን ስቦ ሲያወጣ ስልኩን አስጠጋልን። ዙሪያውን ቀይ ነገር ተለጥፎበታል፣ የጎመን ሥር የመሰለ ክር ክር። ጋሼ «ደም ነው እንዴ?» አሉ፣ ደነገጡ። ደም አይደለም። ሲሊኮን ነው። ባለፈው ዓመት የከፈተው መካኒክ ክዳኑን ሲመልስ ሲሊኮን እንደ ማርማላታ ቀብቶበታል። ትርፉ ወደ ውስጥ ወጣ፣ ደረቀ፣ ተቆራረጠ፣ በዘይቱ ተገፍቶ ሄዶ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ። ፓምፑ ሲጮህ የከረመው በዚህ ነው።

ሲሊኮን የግድ ካላችሁ በጣም ስስ አድርጉት፣ የብረቱን ገጽ በስሱ የምታብሱ ያህል ብቻ። ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ክዳኑ ሥር የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ካገኛችሁ ግን እሱ ይሻላል።

ወንፊቱን በናፍታ እጠቡትና በአየር ንፉት። በጨርቅ አትጥረጉት፣ የጨርቁ ክር ራሱ ይቀርበታል። ከማጠባችሁ በፊት ግን የተጠራቀመውን ጭቃ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ማግኔት አስጠጉለት። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው ብረት ነው፣ ከካምቢዮው ማርሾች የመጣ፣ እንደ ዱቄት ትንሽ ከሆነ የዕድሜ ነው፣ አያስጨንቅም። ማግኔቱ ያልወሰደው ግን ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ካለ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ያ የፓምፑ ቤት እየተፋቀ እንደሆነ ምልክት ነው። ወርቃማ ካያችሁ ደግሞ ቡሽንጎች፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ቀለበቶች፣ እየተበሉ ነው። ይሄን ወረቀት ፎቶ አንሱት። ለሚሠራላችሁ ሰው ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።

ወንፊቱ ንጹህ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ ቱቦው ይቀራል። የጃፓኖቹ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ወይም ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ዘይቱ ግን ከኋላ ካምቢዮ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በመሃል ረጅም የመሳቢያ ቱቦ አለ። ጫፎቹ ላይ ኦሪንግ ወይም አጭር ጎማ ይኖራል። ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ያ ኦሪንግ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ይሰበራል። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው፦ እዚህ ጋ ያለ ቀዳዳ ዘይት አያንጠባጥብም። ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባበታል። ውጪው ደረቅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

የምትይዙት በግራሶ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ጩኸቱ እንዲሰማ አድርጉ፣ ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ወፈር ባለ ግራሶ ሸፍኗቸው። የትኛውን ስትሸፍኑ ድምፁ ከተለወጠ ሌባው እሱ ነው። ቺንጊያውንና ማራገቢያውን ግን ተጠንቀቁ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ። ኦሪንግ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በካሊፐር ይለካ፣ ዘይት የሚችል ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። የውሃ ቧንቧ ላስቲክ ዘይት ውስጥ ያብጣል፣ ወር አይቆይም።

ምልክቶቹን ማንበብ

ክንዱ ይነሳል፣ ሞተሩን ስታጠፉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል? ፓምፑን ተዉት። ሞተሩ ጠፍቷል እኮ፣ ፓምፑ ምን አገባው? ዘይቱ የሚሾልከው ከሲሊንደሩ ላስቲክ ወይም ከመቆጣጠሪያው ቫልቭ ነው። ሞተሩ እየሠራ ክንዱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ሰው ራስ የሚነቀነቀውም የዚሁ ወንድም ነው፣ ዘይቱ ይሾልካል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ ቫልቩ ያያል፣ መልሶ ያነሳዋል።

ጠዋት በብርድ ይጮሃል፣ ሲሞቅ ይተዋል? ዘይቱ ወፍሯል ወይም ወንፊቱ በከፊል ተዘግቷል። ጠዋት በደንብ ያነሳል፣ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ግን ይደክማል? አሁን ፓምፑን መጠርጠር ትችላላችሁ። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት ወደ ኋላ ይሾልካል።

የሞተሩ ዘይት ሳትሞሉ ከፍ እያለ፣ የካምቢዮው ደግሞ እየቀነሰ ከሄደ ወዲያው አቁሙ። ሞተሩ ላይ በተለጠፉት ፓምፖች የዘንጉ ኦይል ሲል (ዘይት በዘንጉ በኩል እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ሲበላ የሃይድሮሊኩ ዘይት ወደ ሞተሩ ይገባል። ሞተሩን ሊገድል ይችላል። ኦይል ሲሉ ግን ርካሽ ነው።

ከዚህ በኋላ መለኪያ ነው። ፓምፑ መውጫ ላይ ወይም የሙከራ ቀዳዳ ካለ እዚያ እስከ 5,000 ፒኤስአይ (1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው) የሚያሳይ ጌጅ ይገጠማል፣ ክንዱ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ይነበባል። አሮጌዎቹ ላይ የሚጠበቀው በአብዛኛው በ2,000 እና 3,000 መካከል ነው፣ ትክክለኛውን የየትራክተሩ መጽሐፍ ይናገራል። ካነሰ ቀጥታ ወደ ፓምፑ አትሂዱ። ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ሪሊፍ ቫልቭ ሥር አንድ ብናኝ ተቀርቅሮ ክፍት ሊሆን ይችላል። ፍቱት፣ እጠቡት፣ መልሱት። ቀጭን ቀለበት ጨምራችሁ ወይም አጥብቃችሁ ግፊቱን ከልኩ በላይ ማሳደግ ግን ከቱቦው ወይም ከብረቱ አንዱን ማፈንዳት ነው፣ አብሮ የሚቆመው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ይህን ሳልናገር አላልፍም። ግፊት ያለበት ቱቦ ላይ ፍሳሽ በእጅ አትፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ሲገባ ትንሽ ነጥብ ነው፣ ብዙም ላያም ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በካርቶን ፈልጉት። ከገባባችሁ ደግሞ ጥጥ አድርጎ ማደር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱና «በግፊት ዘይት ገብቶብኛል» ብላችሁ ንገሯቸው፣ ቀዶ ጥገና ሊፈልግ ይችላል። በተነሳ ማረሻ ሥርም በእንጨት ሳትደግፉ አትግቡ። ላስቲኩ አያስጠነቅቅም።

የግድ መቀየር ካለበት

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፓምፕ መግዛት ነውር የለውም፣ እኔም እገዛለሁ። ግን መልኩ ስለተመሳሰለ አትውሰዱ። የዘንጉን ጥርስ ቁጠሩ፣ የቡሎኖቹን ርቀት ለኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዟዟሩን እዩ። በውጪ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚዞር አለ። በተሳሳተው ብትገጥሙት ግፊቱ ወደ ዘንጉ ኦይል ሲል ይዞራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ይተፋዋል። ብዙ ጊዜ ቤቱ ላይ ቀስት አለ፣ ቆሻሻውን ጥረጉና ፈልጉት። ተለቅ ያለ ፓምፕም ትርፍ አይደለም፣ በአሮጌው ጠባብ ቱቦ በቂ ዘይት አይደርሰውም።

ስትገጥሙት ደረቁን አታስነሱት። በመግቢያው ዘይት ሙሉበት፣ በእጅ አዙሩት። መውጫውን ላላ አድርጋችሁ ሞተሩን ሳይነሳ በማስነሻው ብቻ አዙሩት፣ አረፋ የሌለው ዘይት ሲመጣ አጥብቁ። ከዚያ ማረሻ ሳይኖር፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ክንዱን ቀስ ብላችሁ አሥር ጊዜ ያህል አንሱ አውርዱ። ዘይቱ መለኪያው ላይ ይወርዳል፣ ሙሉት።

ጋሼ በዚያ ቀን የተመለሱት በራሳቸው ፓምፕ ነው። አዲስ ኦይል ሲል፣ ሦስት ኦሪንግና አንድ ጓርኒሲዮን ገዝተው።

ወደ እኔ ወይም ወደ ማንኛውም መካኒክ ስትመጡ ፓምፑን ተሸክማችሁ አትምጡ። በሃይላንድ የተቀዳ ዘይት፣ ከወንፊቱ የወጣው ጭቃ በወረቀት፣ የትራክተሩ ሰሌዳ ፎቶ፣ ድምፁም ቀዝቅዞና ሞቆ በስልክ የተቀዳ። በዚህ ብቻ ብዙውን እዚሁ ቁጭ ብለን መነጋገር እንችላለን።